የኦቪሌው መጋቢ፦ ዶም ፒየር ፔሪኞን

ሰው ከሞተ በኋላ የሚቀርለት ስም ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አብረውት የኖሩት ሰዎች በዓይናቸው አይተው የመሰከሩለት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ያላዩት ሰዎች ከጊዜ በኋላ የጨመሩለት ነው። እነዚህ ሁለት ስሞች እጅግ ተራርቀው ከሚገኙባቸው ሰዎች አንዱ በፈረንሳይ አገር ሻምፓኝ በተባለው አውራጃ የኖሩት የቅዱስ ቤነዲክቶስ ማኅበር መነኩሴ ዶም ፒየር ፔሪኞን ናቸው። ዶም የሚለው ቃል በዚያ ማኅበር ለመነኮሳት የሚሰጥ የክብር መጠሪያ ሲሆን እኛ አባ እንደምንለው ነው።

ዛሬ ስማቸው በውድ የወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ ተጽፎ በዓለም ዙሪያ ይታወቃል። ብዙ ሰውም አረፋ የሚያወጣውን የሻምፓኝ ወይን ጠጅ የፈለሰፉት እርሳቸው ይመስሉታል። እውነቱ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ለክርስቲያን አንባቢ ከተረቱ ይልቅ እውነቱ ስለሚጠቅም የሕይወታቸውን ታሪክ ባጭሩ እናቀርባለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነታቸውና ምንኵስናቸው

ፒየር ፔሪኞን በ1638 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ በሻምፓኝ ምሥራቃዊ ክፍል በምትገኘው ሴንት ምኑ በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለዱ። በዚያው ዓመት የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛም ተወልዶ ነበር። አባታቸው በከተማይቱ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ልጁ በሻሎን ከተማ በኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ፣ ዕድሜያቸው ሃያ ዓመት ሳይሞላ በቬርደን ከተማ ወደሚገኘው የሳን ቫን ገዳም ገቡ። ይህ ገዳም የቅዱስ ቤነዲክቶስን ሥርዓት ወደ ቀድሞ ጥብቅነቱ ለመመለስ የተነሣው የተሐድሶ እንቅስቃሴ መነሻ ነበር። ስለዚህ ወጣቱ መነኩሴ ያደጉት ጸሎትና የእጅ ሥራ፣ ትምህርትና ዝምታ በሚዛን በተያዙበት ቤት ነው።

በ1668 ዓ.ም. አለቆቻቸው ወደ ኦቪሌ ገዳም ላኳቸው። በዚያን ጊዜ ወደ ሠላሳ ዓመት የተጠጉ ነበሩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ከዚህ ገዳም አገልግሎት አልተለዩም።

የተሰጣቸው አደራ

ኦቪሌ ከማርን ወንዝ በላይ ባለ ኮረብታ ላይ የምትገኝ መንደር ናት። ገዳሟን በ7ኛው መቶ ዘመን የመሠረቱት የራንስ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ቅዱስ ኒቫር ናቸው። በ9ኛው መቶ ዘመን ደግሞ የቅድስት እሌኒ ዐፅም ከሮማ ወደዚህ ገዳም ተወሰደ። ይህች እሌኒ እኛ በየዓመቱ የመስቀልን በዓል ስናከብር የምናስባት፣ የጌታችንን መስቀል ያስገኘችው ንግሥት ናት። ስለ እርሷ ክብር ብዙ ተሳላሚዎች ወደ ኦቪሌ ይመጡ ነበር። ዐፅሙ ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ወደ ፓሪስ እስኪዛወር ድረስ በዚያ ቆይቷል።

ዶም ፔሪኞን በዚህ ገዳም የተሰጣቸው ሥራ የመጋቢነት ሥራ ነበር። በቅዱስ ቤነዲክቶስ ሥርዓት መጋቢ ማለት የዕቃ ቤት ቁልፍ የያዘ ሰው ብቻ አይደለም። የገዳሙን ዕቃና ንብረት ሁሉ እንደ መንበረ ታቦቱ ንዋየ ቅድሳት እንዲቆጥር፣ ለማኅበሩ እንደ አባት እንዲሆን፣ ለሕሙማን፣ ለሕፃናት፣ ለእንግዶችና ለድሆች በፍርድ ቀን መልስ እንደሚሰጥ እያሰበ እንዲጠነቀቅ ታዟል። እህሉ፣ ዘይቱ፣ የመሬቱ ገቢ፣ የሕንፃው ጥገና፣ የሠራተኛው ደመወዝና የመንደሮቹ አሥራት በዶም ፔሪኞን እጅ ነበር። ገዳሙ ደግሞ በጦርነት ዘመናት ተጎሳቁሎ ስለነበር ገቢው በሥርዓት ካልተያዘ ጸሎቱም ምጽዋቱም የሚቀጥል አልነበረም። ከገቢው ሁሉ ዋነኛው የወይን ጠጅ ነበር።

የሻምፓኝ የወይን ቦታ

ሻምፓኝ ከፓሪስ በስተ ምሥራቅ የምትገኝ ብርዳም አገር ናት። የወይን ሐረግ ፍሬውን አብስሎ ሊሰጥ ከሚችልባቸው ቦታዎች በሰሜን ጫፍ ካሉት አንዷ ስለሆነች በአንዳንድ ዓመት ውርጭ እምቡጡን ያቃጥለዋል፤ በአንዳንድ ዓመት ደግሞ ፍሬው በደንብ ሳይበስል መከር ይደርሳል። ነገር ግን ከአፈሩ በታች ያለው ነጭ ጠመኔ የዝናቡን ውኃ እንደ ስፖንጅ መጥጦ ይይዝና በበጋ ለሥሩ ይመግበዋል። ወደ ፀሐይ የዞሩት ዳገቶችም ሙቀቱን ይቀበላሉ። ዋና ዋናዎቹ የወይን ስፍራዎች የራንስ ተራራ፣ የማርን ሸለቆ፣ ኮት ዴ ብላን የተባለው ዳገት፣ በስተ ደቡብ ደግሞ ኮት ዴ ባር ናቸው። ዛሬ በብዛት የሚተከሉት ሦስት ዓይነት ወይኖች ሲሆኑ ፒኖ ኗርና ሙኒዬ ጥቁር፣ ሻርዶኔ ደግሞ ነጭ ፍሬ ያፈራሉ።

ኦቪሌ በማርን ሸለቆ ዳገት ላይ ናት። ገዳሙ ከራሱ ወይን በተጨማሪ እንደ አዪና ኩሚየር ካሉ አጎራባች መንደሮች አሥራት በወይን ዘለላ ይቀበል ነበር። ይህም ለመጋቢው ፈተናም ዕድልም ሆነ። ከየዳገቱ የሚመጣው ፍሬ ጣዕሙ ስለሚለያይ አንዱ ጣፋጭ፣ ሌላው ኮምጣጣ፣ ሌላው ጠንካራ ነበር። ዶም ፔሪኞን ከየስፍራው የመጣውን ዘለላ እያመዛዘኑ ከመጭመቁ በፊት አንድ ላይ ያዋህዱት ጀመር። በኦቪሌ የነበሩት ፍሬር ፒየር የተባሉ መነኩሴ በጻፉት መጽሐፍ እንደተዘገበው፣ ዶም ፔሪኞን ዘለላዎቹን ሌሊቱን በመስኮት ላይ ያሳድሯቸውና ጠዋት እህል ሳይቀምሱ ያጣጥሟቸው ነበር። ከየትኛው ቦታ እንደመጡ ሳይነገራቸው የሚለዩ ነበሩና ከዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም፣ በኋላ ዘመን ዓይነ ስውር ነበሩ የሚል ወሬ የተነዛው።

የሥራቸው ደንብ

በ1718 ዓ.ም. በራንስ ከተማ የታተመ አንድ መጽሐፍ በዚያ ዘመን በሻምፓኝ ይሠራበት የነበረውን ደንብ ይዘረዝራል። ጸሐፊው የራንስ ካቴድራል ካህን የነበሩት ዣን ጎዲኖ እንደሆኑ ይታመናል። የወይኑ ሐረግ በብርቱ ይገረዛል፤ ብዙ ፍሬ ከማግኘት ጥቂት ግን ጥሩ ፍሬ ማግኘት ይሻላልና። መከሩ ጠዋት በማለዳ፣ ጤዛው ሳይረግፍ ይጀመራል። የተፈነከተ ወይም የቆሰለ ፍሬ ይጣላል። ዘለላውን ለመጫን ከፈረስ ይልቅ በዝግታ የሚራመዱት በቅሎና አህያ ይመረጣሉ። መጭመቂያው ለወይኑ ቦታ ቅርብ ይሆናል፤ ጭመቃውም ፈጣንና ለስላሳ ሆኖ የመጀመሪያው ጭማቂ ከኋለኛው ጋር አይደባለቅም። በዚህ ጥንቃቄ ከጥቁር ወይን ጥርት ያለ ነጭ የወይን ጠጅ ማውጣት ተቻለ። ዶም ፔሪኞን ከፈጠራ ይልቅ የሚታወቁት ይህን ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ዓመት በዓመት ሳይሰለቹ በመሥራት ነው።

ስለ አረፋው

ጠጅ የጣለ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ብርድ ሲበረታ መፍላት ይቆማል። በሻምፓኝም መከሩ በመጸው ስለሚሰበሰብ ወይኑ ፈልቶ ሳይጨርስ ክረምቱ ይደርስበታል፤ እርሾውም ይተኛል። የጸደይ ሙቀት ሲመጣ እንደገና ይቀሰቀሳል። በዚህ መካከል ወይኑ በጠርሙስ ተሞልቶ ከተደፈነ ከመፍላቱ የሚወጣው ጋዝ መሄጃ ያጣና ወይኑ አረፋማ ይሆናል። የዚያን ጊዜ የፈረንሳይ ጠርሙስ ግን ደካማ ስለነበር ብዙ ጊዜ ይፈነዳ ነበር። እንዲህ ያለው አደጋ ለአንድ የገዳም መጋቢ ኪሳራ እንጂ ደስታ አልነበረም። ዶም ፔሪኞን ጥቁሩን ወይን የመረጡበት አንዱ ምክንያት እንደገና የመፍላት ጠባዩ ከነጩ ወይን ስለሚያንስ ነበር። እንግዲህ አረፋውን ፈጠሩ ከማለት ይልቅ ሊከላከሉት ይጥሩ ነበር ማለት ወደ እውነት ይቀርባል።

በእንግሊዝ አገር በድንጋይ ከሰል እሳት የሚሠራ ጠንካራ ጠርሙስ ነበር። ክሪስቶፈር ሜሬት የተባለ ሐኪም በወይን ጠጅ ላይ ስኳር ጨምሮ አረፋማ ስለማድረግ በ1662 ዓ.ም. ለሊቃውንት ጉባኤ አቅርቦ ነበር። ይህም ዶም ፔሪኞን ወደ ኦቪሌ ከመምጣታቸው 6 ዓመት በፊት ነው። በፈረንሳይ የወይን ጠጅ በጠርሙስ ተጭኖ እንዲጓጓዝ በንጉሥ ትእዛዝ የተፈቀደው በ1728 ዓ.ም.፣ ማለትም መነኩሴው ካረፉ ከ13 ዓመት በኋላ ነው።

ዕረፍታቸውና ተረቱ

ዶም ፔሪኞን ለ47 ዓመታት ካገለገሉ በኋላ በ1715 ዓ.ም. በሴፕቴምበር ወር አረፉ። ንጉሥ ሉዊ 14ኛም በዚያው ወር ሞተ። ንጉሡ በሞተ ጊዜ መንግሥቱን በከባድ ዕዳ ውስጥ ትቶ ነበር፤ መጋቢው ግን ቤታቸውን በሥርዓት አስረክበው ሄዱ። በገዳሙ ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ፤ የመቃብራቸው ድንጋይም ዛሬ ድረስ ይታያል። በላቲን የተቀረጸው ጽሑፍ የመጋቢነት ዘመናቸውን ይጠቅሳል፣ የቤቱን ሀብት በምስጉን ሁኔታ እንዳስተዳደሩ ይመሰክራል፣ ከምግባራቸው ሁሉ አስቀድሞ ደግሞ ለድሆች የነበራቸውን የአባትነት ፍቅር ያነሣል። ስለ ወይን ጠጅ አንድ ቃል እንኳ አይናገርም።

የፈረንሳይ አብዮት በተነሣ ጊዜ ገዳሙ ተዘጋ፤ መነኮሳቱም ተበተኑ። ከእነርሱ አንዱ የነበሩት የመጨረሻው መጋቢ ዶም ግሮሳር በ1821 ዓ.ም. በጻፉት ደብዳቤ አረፋማውን ነጭ የወይን ጠጅ የመሥራት ምሥጢር ያገኙት ዶም ፔሪኞን እንደሆኑ ገለጹ። ምናልባት የጠፋውን ገዳማቸውን ክብር ለማንሣት አስበው ይሆናል። ነጋዴዎች ግን ወሬውን ወደዱት፤ መነኩሴው አረፋውን መጀመሪያ ሲቀምሱ ተናገሩ የሚባለው ዝነኛ ቃልም የወጣው ከማስታወቂያ ነው። በ1930ዎቹም ስማቸውን የያዘ የወይን ጠጅ ለገበያ ቀረበ።

የስፍራው ስም

የሐሰት ስም ጉዳት በወይኑ ገበሬዎችም ላይ ደርሷል። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አንዳንድ ነጋዴዎች ከሌላ አውራጃ ባመጡት ርካሽ ወይን ሻምፓኝ የሚል ስም ይሰጡት ስለነበር የአገሬው ገበሬ ምርቱን የሚገዛው አጥቶ ይራብ ነበር። መንግሥት በ1908 ዓ.ም. ወሰን ቢያበጅም ኦብ የተባለው ደቡባዊ ክፍል ከወሰኑ ውጭ በመቅረቱ ቅሬታው ባሰ። በ1911 ዓ.ም. በማርን ሸለቆ ሁከት ተነሥቶ የወይን ጠጅ በመንገድ ፈሰሰ፤ በአዪ መንደር ቤቶች ተቃጠሉ፤ ወታደርም ገባ። ዘላቂው መፍትሔ የተገኘው በ1927 ዓ.ም. ወሰኑን ባጸናው ሕግና በ1936 ዓ.ም. ሻምፓኝ የተጠበቀ የመገኛ ስፍራ ስም ተብሎ ሲታወቅ ነው።

በዚህ ሕግ መሠረት ስሙን ሊይዝ የሚችለው በወሰኑ ውስጥ በቅሎ በተደነገገው መንገድ የተዘጋጀ የወይን ጠጅ ብቻ ነው። ዘለላው በእጅ ይለቀማል። ከ4,000 ኪሎ ግራም ዘለላ የሚወሰደው ጭማቂ ከ2,550 ሊትር አይበልጥም፤ የመጀመሪያውና የሁለተኛው ጭማቂም ለየብቻ ይያዛል። ከጠርሙስ ከተሞላ በኋላ ለገበያ እስኪወጣ ቢያንስ 15 ወር ይቆያል። በቡርጎኝ አውራጃ አንድ ትንሽ ማሳ እንኳ የራሱ የተጠበቀ ስም ሊኖረው ይችላል፤ በሻምፓኝ ግን የብዙ መንደሮች ፍሬ ተዋሕዶ አንድ ስም ይይዛል። ይህ ዶም ፔሪኞን በመስኮታቸው ላይ ያመዛዝኑት ከነበረው ሥራ ጋር አንድ መንገድ ነው። በ2015 ዓ.ም. የኦቪሌ ዳገቶች ከሌሎች የሻምፓኝ ስፍራዎች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገቡ።

ለእኛ የሚሆን ትምህርት

ሕግ አውጪዎቹ ለወይን ጠጅ ስም እውነተኝነት ይህን ያህል ከተጨነቁ፣ እኛ ስለ ሰዎች ሕይወት ስንናገር እንዴት አብልጠን ልንጠነቀቅ አይገባንም? በተለይ ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህ ነገር ቅርብ ነው። የደጋግ ሰዎችን ታሪክ ለልጆች ስንነግር ይበልጥ እንዲማርክ ብለን ያልነበረውን ለመጨመር እንፈተናለን። ልጁ አድጎ እውነቱን ባወቀ ጊዜ ግን ከተረቱ ጋር ትምህርቱንም ይጥለዋል።

ዶም ፔሪኞን የተጨመረላቸው ክብር አያስፈልጋቸውም። በአንድ ቤት 47 ዓመት ጸንተው ኖሩ፤ የተሰጣቸውን አደራ በሐቀኝነት ጠበቁ፤ የገዳሙ ጎተራ ሲሞላ ድሃውን አልረሱም። አብረዋቸው የኖሩት መነኮሳት በድንጋይ ላይ እንዲቀረጽ የመረጡት ይህን ነው። በቁምስናችን የምጽዋት ሣጥን ቁልፍ የያዘ፣ የማኅበር ገንዘብ የሚቆጥር፣ የቤተ ክርስቲያንን እርሻ የሚጠብቅ ሁሉ የእርሳቸው ባልንጀራ ነው፤ ሥራው ከሰው ቢሰወርም በእግዚአብሔር ዘንድ የተቆጠረ ነው።