ላኪ ሉቺያኖ

ቻርልስ "ላኪ" ሉቺያኖ (የትውልድ ስሙ ሳልቫቶሬ ሉካኒያ፤ ኅዳር 16 ቀን 1890 ዓ.ም. – ጥር 18 ቀን 1954 ዓ.ም.) በጣልያን ሲሲሊ ደሴት ተወልዶ በኒው ዮርክ ከተማ ያደገ የወሮበሎች አለቃ ነበር። የአሜሪካን ማፊያ ለብዙ ዓመታት በዘለቀበት መልክ በማደራጀት ይታወቃል። ዛሬ በፊልምና በቪዲዮ ጌም ለሚታዩ የማፊያ ገጸ ባሕርያት የሚወጣው ስም ከእሱ ስም ቅርጽ ብዙ አይርቅም፦ አጭር መጠሪያ፣ መሀል ላይ ቅጽል ስም፣ መጨረሻ ላይ ጣልያንኛ የቤተሰብ ስም። ይሁንና ይህ ስም ራሱ ከልደት የመጣ ሳይሆን በኒው ዮርክ የተሠራ ነው።

ልጅነት

ሳልቫቶሬ የተወለደው ሌርካራ ፍሪዲ በምትባል፣ ከፓሌርሞ ወደ መሀል ሲሲሊ ገባ ብላ በምትገኝ የድኝ ማዕድን ከተማ ነው። አባቱ በማዕድኑ ሠራተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1906 ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተሰዶ በማንሃተን ሎወር ኢስት ሳይድ፣ የጣልያንና የአይሁድ ስደተኞች ተጨናንቀው በሚኖሩበት ሰፈር ተቀመጠ። ልጁ በ14 ዓመቱ ትምህርት አቋርጦ ለባርኔጣ ነጋዴ መላላክ ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ የመንገድ ላይ ቁማርና ስርቆት ከደመወዙ የተሻለ ገቢ እንደሚያስገኝ ተረዳ። በ1916 ሄሮይን ሲሸጥ ተይዞ ታሰረ። በሰፈሩ ካፈራቸው ወዳጆች ዋነኛው አይሁዳዊው ማየር ላንስኪ ነው፤ የሁለቱ ወዳጅነት እስከ ሕይወት ፍጻሜ ዘልቋል። በአባቶቻቸው ዘመን የነበሩት የሲሲሊ አለቆች ከሲሲሊ ሰው ውጭ ከማንም ጋር መሥራት አይወዱም ነበርና፣ ይህ ወዳጅነት በኋላ ለተፈጠረው ድርጅት መንገድ ከፍቷል።

ስሙ

የጣልያኖች ስም አሰጣጥ ከኢትዮጵያውያን የተለየ ነው። አሰላ የተወለደ ሰው ከራሱ ስም ቀጥሎ የሚጽፈው የአባቱን ስም ነው፤ ልጅ ሲወልድ ደግሞ የእሱ ስም በተራው ለልጁ ሁለተኛ ስም ይሆናል። ጣልያናዊ ግን ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም አለው። እነዚህ ስሞች ከጥንት አባት መጠሪያ (ዲ ስቴፋኖ)፣ ከመልክ (ሮሲ፣ ማለትም ቀዮቹ)፣ ከሙያ (ፌራሪ፣ ከአንጥረኛነት) ወይም ከአገር ስም የመጡ ናቸው። ሉካኒያም በደቡብ ጣልያን ዛሬ ባዚሊካታ የሚባለው ክፍለ ሀገር የጥንት ስም ነው። ሉቺያኖ በአንጻሩ ሉቺያኑስ ከሚለው የሮማውያን የሰው ስም የመጣ ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፉ ሁለቱ ስሞች በጣም ይቀራረባሉ፤ በግዕዝ ፊደል ግን ልዩነቱ ወዲያው ይታያል፣ ምክንያቱም በጣልያንኛ ያው አንድ ፊደል በ"ኣ" ፊት "ክ"፣ በ"ኢ" ፊት "ች" ተብሎ ይነበባል። ሉካኒያ የሚለው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ፖሊሶችና ጋዜጠኞች አስቸጋሪ ስለነበር ሉቺያኖ እየጸና ሄደ።

የመጀመሪያ ስሙም ተለውጧል። ሳልቫቶሬ ማለት አዳኝ፣ መድኅን ማለት ሲሆን በሲሲሊ የተከበረ ስም ነው። አሜሪካ ውስጥ ሲያጥር ግን ሳል፣ ሲቆላመጥም ሳሊ ይሆናል፤ ሳሊ ደግሞ የሴት ስም ነው። በዚህ የተነሳ ቻርልስ መባልን እንደመረጠ ይነገራል። ጓደኞቹ ቻርሊ ይሉት ነበር። በሀብቱ ዘመን በዎልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ሲኖር ደግሞ በመዝገብ የሰፈረው ስም ቻርልስ ሮስ ነበር፤ በዚህኛው ስም ውስጥ ጣልያንነት ጨርሶ አይታይም።

ባልደረቦቹም እንዲሁ አድርገዋል። ከካላብሪያ የመጣው ፍራንቸስኮ ካስቲሊያ የአየርላንድ ስም ይዞ ፍራንክ ኮስቴሎ ተባለ። በመልኩ የሚኮራው ጁሴፔ ዶቶ ከግሪክ አፈ ታሪክ መልከ መልካም ወጣት ወስዶ ጆ አዶኒስ ሆነ። ላንስኪም ሱኮውሊያንስኪ የሚለውን ረጅም ስሙን አሳጥሯል። የዛሬ የጌም ደራሲ ገጸ ባሕርይውን ጣልያን ለማስመሰል ሲደክም፣ እውነተኞቹ ወሮበሎች የደከሙት በተቃራኒው ነበር።

"ላኪ" ዕድለኛ ማለት ነው። በሰፊው የሚነገረው፣ በጥቅምት 1929 ታፍኖ ተወስዶ ክፉኛ ከተደበደበና በስለት ከተወጋ በኋላ በስታተን አይላንድ በሕይወት በመገኘቱ ስሙ እንደወጣለት ነው። ከዚያ ቀን የቀረው ጠባሳና የተንጠለጠለ የዐይን ቆብ በፎቶግራፎቹ ላይ ይታያል። ሌሎች ቅጽሉ ከቁማር ዕድሉ ወይም ከሉቺያኖ አጠራር የመጣ ነው ይላሉ። ስም ከታሪክ ጋር ተያይዞ ለተዋጊ ሲወጣ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ በሚል የፈረስ ስም ይጠሩ ነበር፣ ፈረስ በሚወደድበት በአርሲ ደጋም የፈረስ ስም ምን ክብር እንዳለው ማስረዳት አያሻም። የፈረስ ስም ግን በአደባባይ የሚፎከርበት የክብር ስም ነው፤ ላኪ የሚለውን ያገነኑት በተለይ ጋዜጦች ናቸው።

ወደ አለቅነት

እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 በአሜሪካ የአልኮል መጠጥ በሕግ ተከልክሎ ነበር። ክልከላው ለወሮበሎች ትልቅ ገበያ ከፈተ። ሉቺያኖ በጁሴፔ ማሴሪያ ሥር ሆኖ በዚህ ንግድ ከበረ። በ1930 ማሴሪያና ተቀናቃኙ ሳልቫቶሬ ማራንዛኖ ጦርነት ገጠሙ። ሉቺያኖ በሚያዝያ 1931 አለቃውን ማሴሪያን በኮኒ አይላንድ ምግብ ቤት አስገደለ፤ በመስከረም ደግሞ ራሱን የአለቆች ሁሉ አለቃ ያደረገውን ማራንዛኖን አስገደለ። የእሱን ዙፋን ግን አልወረሰም። የኒው ዮርክን አምስት ቤተሰቦች እንዳሉ ትቶ፣ አለቆቹ ተሰብስበው ጠብን በድምፅ የሚፈቱበት ኮሚሽን የተባለ ሸንጎ አቋቋመ። ሽማግሌነት የሚመስለው ይህ ሸንጎ የሞት ፍርድም ይወስን ነበር።

እስራትና ስደት

ዐቃቤ ሕግ ቶማስ ዱዊ ሉቺያኖን የከሰሰው በመጠጥ ወይም በግድያ ሳይሆን ሴቶችን በማስገደድ ከሴተኛ አዳሪነት ገንዘብ በመሰብሰብ ነው። በችሎቱ የመሰከሩት ከነዚያው ቤቶች የመጡ ሴቶች ነበሩ፤ ምስክርነቱ ለሕይወታቸው አደገኛ ነበር። ሉቺያኖ ግንቦት 30 ቀን 1928 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተባለ። የሙሶሊኒ ጦር አዲስ አበባ ከገባ ገና አንድ ወር መሙላቱ ነበር። ቅጣቱ ከ30 እስከ 50 ዓመት እስራት ሆነ።

በ1942 ኖርማንዲ የተባለች መርከብ በኒው ዮርክ ወደብ ስትቃጠል የአሜሪካ ባሕር ኃይል የጠላት ሰርጎ ገቦችን ፈራ። ወደቡን የሚያዝዙት የማፊያ ሰዎች ስለነበሩ መኮንኖች የሉቺያኖን ትብብር ጠየቁ። ትብብሩ ምን ያህል እንደጠቀመ የታሪክ ጸሐፊዎች አይስማሙም። በ1946 ያሰረው ዱዊ ራሱ፣ አሁን የግዛቱ አገረ ገዥ ሆኖ፣ ወደ ጣልያን እንዲባረር ብሎ ቅጣቱን አቃለለለት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሉቺያኖ ሃቫና ገብቶ ከአሜሪካ አለቆች ጋር ተሰበሰበ፤ አሜሪካ በኩባ ላይ ጫና አድርጋ በ1947 ወደ ጣልያን አስመለሰችው። ቀሪ ዕድሜውን በኔፕልስ በፖሊስ ክትትል ሥር አሳለፈ።

በኔፕልስ አውሮፕላን ማረፊያ ስለ ሕይወቱ ፊልም ለመሥራት የመጣ አሜሪካዊ ሊቀበል ሄዶ ሳለ በልብ ድካም ሞተ። አስከሬኑ ኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ በሚገኘው ቅዱስ ዮሐንስ መካነ መቃብር ዐረፈ። በመቃብሩ ቤት ላይ የተቀረጸው ስም ሉካኒያ ነው።

በፊልምና በጌም

በ1973 ፍራንቸስኮ ሮዚ በስሙ የተሰየመ ፊልም ሠራ። የፈጠራ ሥራዎች ግን በራሳቸው ስም መሥራትን ይመርጣሉ። በ2002 የወጣው ማፊያ የተሰኘው የቼኮች ጌም ባለታሪኩን ቶሚ አንጀሎ ብሎታል፤ አንጀሎ መልአክ ማለት ነው። በ2010 የወጣው ክፍል ሁለት ባለታሪክ ቪቶ ስካሌታ ደግሞ እንደ ሉቺያኖ ሲሲሊ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የገባ ነው። ስካሌታ በሲሲሊ የቦታ ስምም ስለሆነ ለገጸ ባሕርይው ይስማማል። በአናባቢ ማለቁ ብቻ ስምን ሲሲሊያዊ አያደርገውም፤ ማኪያቶም በአናባቢ ያልቃል። እንደ ፌራሪና ቢያንኪ ያሉ በ"ኢ" የሚያልቁ ስሞች በብዛት የሰሜንና የመሀል ጣልያን ሲሆኑ፣ ሜሲና፣ ካታኒያ፣ ሎ ፒኮሎ የመሳሰሉት ወደ ሲሲሊ ያደላሉ።

ከእነዚህ ስሞች ጋር ወንጀልን ማያያዝ ቅሬታም አስነስቷል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዘ ጎድፋዘር ፊልም ሲሠራ የጣልያን አሜሪካውያን ማኅበር ተቃውሞ አሰምቶ ማፊያ የሚለው ቃል ከጽሑፉ እንዲወጣ አስደርጓል። የማኅበሩ መሥራች ጆ ኮሎምቦ ግን ሉቺያኖ ካጸናቸው አምስት ቤተሰቦች የአንዱ አለቃ ነበር።