ደመወዙ እራት የነበረ ሠዓሊ

በጆርጂያ ምሥራቅ፣ ወይን አብቃይ በሆነው የካኼቲ ምድር ሚርዛኒ የምትባል መንደር አለች። ሠዓሊው ኒኮ ፒሮስማኒ እ.ኤ.አ. በ1862 በዚህች መንደር ከአርሶ አደር ቤተሰብ እንደተወለደ ይነገራል። ወላጆቹን በልጅነቱ በሞት ስላጣ በቲፍሊስ ከተማ፣ በዛሬዋ ትብሊሲ፣ በአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ቤት አደገ።

ኒኮ የሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም፤ ብሩሽና ቀለምን በራሱ ጥረት ለመደ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ በባቡር መሥመር ተቀጥሮ ሠራ። ቀጥሎም ከሸሪኩ ጋር የወተት ተዋጽኦ መሸጫ ሱቅ ከፈተ። ይሁንና በንግዱ አልጸናም፤ ሱቁን ትቶ ሥዕልን እንጀራው አደረገ።

ከዚያ በኋላ ቋሚ መኖሪያ አልነበረውም። ከአንዱ መጠጥ ቤት ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ማስታወቂያና የግድግዳ ሥዕል ይሠራል። ክፍያው ብዙ ጊዜ ምግብ፣ ወይን ጠጅና የአንድ ሌሊት ማደሪያ ነበር። አብዛኛውን ሥዕል የሠራው ዘይት በተቀባ ጥቁር ጨርቅ ላይ ሲሆን ጥላ በሚያስፈልግበት ስፍራ የጨርቁን ጥቁረት እንዳለ ይተወው ነበር። የምትታለብ ላም፣ የወይን ለቀማ፣ የአውድማ ውሎ፣ የገጠር ድግስ በብሩሹ ሕይወት አገኙ። ማርጋሪታ የተባለችውን ተዋናይትም ሥሏል።

እ.ኤ.አ. በ1912 ወንድማማቾቹ ኢልያና ኪሪል ዝዳኔቪች ከጓደኛቸው ሚካኤል ሌ ዳንቱ ጋር ሥራዎቹን በመጠጥ ቤቶች ውስጥ አገኙ። የዘመኑ ወጣት ሠዓሊያን ከትምህርት ቤቱ ሕግ ለመላቀቅ ይታገሉ ነበር። ኒኮ ግን ያን ሕግ ከመጀመሪያውም አያውቀውም። የሣለው በዓይኑ ያየውንና በልቡ የያዘውን ነበር፤ የማረካቸውም ይኸው ነው። በማግሥቱ ዓመት ሥዕሎቹ በሞስኮ ለዕይታ በቁ።

የጆርጂያ ሠዓሊያን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1916 ወደ ጉባኤው ጠራው። ኒኮ በከተማይቱ መሐል ሰፊ የእንጨት ቤት እንዲሠራ፣ ሠዓሊያንም በዚያ ተሰብስበው ሻይ እየጠጡ ስለ ሙያቸው እንዲወያዩ መመኘቱ ይተረካል። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጋዜጣ ባለመማሩ የሚሳለቅ የካርቱን ሥዕል አወጣ። ልቡ ተሰበረ፤ ከሰውም ራቀ።

በጦርነቱ ዘመን መጠጥ ቤቶች ሲዘጉ ሥራውም እራቱም አብረው ነጠፉ። እ.ኤ.አ. በ1918 በረኃብና በሕመም ተጎድቶ ዐረፈ። የመቃብሩ ትክክለኛ ስፍራ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

ከ200 የሚበልጡ ሥራዎቹ ግን ተርፈዋል፤ አብዛኞቹም በጆርጂያ ብሔራዊ ሙዚየም ተጠብቀው ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1969 ሥዕሎቹ በፓሪስ ታዩ። ለሥራው ከገንዘብ ይልቅ እራት ይቀበል የነበረው የዚያ ሰው ምስልም በአገሩ የ1 ላሪ የወረቀት ገንዘብ ላይ ታተመ።