ድምፅን በሰዓት የለካው መምህር

ባለፈው ስብሰባ ላይ ከኋላ የተቀመጥን ሁሉ እናስታውሳለን። ማይክራፎኑ ይጮሃል፣ ቃሉ ግን አይያዝም። ጥፋቱን በድምፅ ማጉያው ላይ ጥለን ወጣን። ኋላ ስናነብ ግን ጥፋቱ የግድግዳውም ሊሆን እንደሚችል ያሳየ አንድ የፊዚክስ መምህር አገኘን፤ ዋላስ ክሌመንት ሳቢን ይባላል።

ሳቢን በ1868 በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ሪችውድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ18 ዓመቱ ኮሌጅ ጨረሰ። ከዚያ ሃርቫርድ ገብቶ ማስተርሱን ያዘና እዚያው አስተማሪ ሆኖ ቀረ፤ ዶክትሬት አልሠራም።

በ1895 ሃርቫርድ ለፎግ ሙዚየም አዲስ የትምህርት አዳራሽ አሠራ። አዳራሹ ሲያዩት ያምራል፣ ግን አይማሩበትም! አንድ ቃል ከተነገረ በኋላ አምስት ሰከንድ ተኩል ያህል ይንጫጫል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው እንኳ ሌላ 12 ወይም 15 ቀለም ይጨምራል። ሰሌዳው ሳይጠፋ በላዩ ላይ ደጋግሞ መጻፍ ማለት ነው። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤሊየት አዳራሹን እንዲያስተካክል የ27 ዓመቱን ሳቢን አዘዙት። ያኔ ሰዎች ለእንዲህ ያለው ችግር ጣሪያ ሥር ሽቦ ይወጥሩ ነበር፤ ምንም አይረባም።

ሳቢን የነበሩት መሣሪያዎች አንድ የኦርጋን ቧንቧ፣ የሰከንድ መቁጠሪያና የገዛ ጆሮው ነበሩ። የሚሠራው መንገዱ ጸጥ ሲል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ከሳንደርስ ቲያትር የመቀመጫ ትራስ ተሸክሞ ያመጣል፣ ይለካል፣ ሳይነጋ ይመልሳል። ባዶው አዳራሽ 5.62 ሰከንድ ይጮህ ነበር። ወንበሩ ሁሉ በትራስ ሲሸፈን 2.03 ሆነ፤ መተላለፊያው፣ መድረኩና የኋላው ግድግዳ ሲጨመር 1.14።

አንዴ ደግሞ የለበሰው ልብስ ራሱ ድምፅ እንደሚመጥ ደረሰበት። ከ3,000 በላይ ልኬቶቹን ጣላቸው! ከዚያ ወዲያ ሲለካ ሁልጊዜ ያንኑ ልብስ ይለብስ ነበር። እኛ ብንሆን ዝም ብለን ባለፍነው።

ኤሊየት ትዕግሥታቸው አለቀ። ሳቢን ግን እርግጠኛ ሳይሆን አልናገርም አለ። በ1898 ለአዲሱ የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ ምክር ሲጠየቅ፣ በመከር አንድ ማታ ቁጥሮቹን ዘርግቶ ሕጉን አየው። የክፍሉን ይዘት በሜትር ኩብ ወስደን በ0.161 እናባዛለን፤ ውጤቱን ክፍሉ በሚመጠው የድምፅ መጠን እናካፍላለን። መለኪያው ክፍት መስኮት ነው፣ ምክንያቱም በመስኮት የወጣ ድምፅ አይመለስም። የ168 ሜትር ኩብ ክፍል 10 ሜትር ካሬ ክፍት መስኮት ያህል ብቻ ቢመጥ 2.7 ሰከንድ ይጮሃል። እያንዳንዳቸው 0.4 የሚመጡ 50 ተማሪዎች ሲገቡበት 0.9 ይሆናል። ለካ ተማሪው ራሱ ድምፅ ይመጣል!

ሜዳ ላይ ደግሞ ሁሉም መስኮት ነው፤ ድምፁ አይንጫጫም፣ ግን ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ስለዚህ ራቅ አድርገን ሁለተኛ ማጉያ እንተክላለን። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ 100 ሜትር ላይ የተተከለው በ0.3 ሰከንድ ካልዘገየ ሕዝቡ አንዱን ቃል ሁለቴ ይሰማል።

የቦስተኑ አዳራሽ በጥቅምት 1900 ሲከፈት አንዳንድ ሐያስያን ነቀፉት። ዛሬ በዓለም ከምርጦቹ ይቆጠራል። ሳቢን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሥራ ተጠምዶ የኩላሊት ሕመሙን ችላ አለ፤ ጥር 10 ቀን 1919 በ50 ዓመቱ ሞተ። የፎጉ አዳራሽ በ1973 ፈረሰ። የድምፅ ምጠት መለኪያ ግን ሳቢን ተብሎ ይጠራል።

ቅዳሜ ማታ አዳራሹ ባዶ ሲሆን ሁለት ጣውላ አጋጭተን ልንቆጥር አስበናል። የሰከንድ ሰዓት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።