የአክሊሉ ለማ እንዶድ እና የድሬ ልጅ ዶክትሬት

ዶክተር አክሊሉ ለማን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በእንዶድ ነው። እኔ ሰሞኑን ሳስባቸው የከረምኩት ግን በሌላ ምክንያት ነው። ዶክትሬት ለአገር ምን ይሠራል ለሚል ሰው ከእሳቸው ሕይወት የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

ሰውየው አሜሪካ፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው አገራቸው ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። የቢልሃርዚያ ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት የሚያድገው በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ቀንድ አውጣው ከሞተ የበሽታው መንገድ ተቆረጠ ማለት ነው። እናቶቻችን ለስንት ዘመን በእንዶድ ነጠላ አጥበዋል! ዶክተሩ ደግሞ ለምን ብለው ጠየቁ። ትምህርት የሚባለው እንግዲህ ይኸው ነው።

ጥያቄውን ይዘው ወደ ውጭ አልሮጡም። እ.ኤ.አ. በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ፤ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ዓድዋ ላይ በተካሄደው የ5 ዓመት ሙከራ ከ1 እስከ 5 ዓመት በሆናቸው ሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከአገሪቱ የእንዶድ ዝርያዎች መካከል ብርቱ የሆነውን፣ ዓይነት 44 የሚባለውን መረጡ።

ታዲያ ዓለም እልል ብሎ የተቀበላቸው እንዳይመስላችሁ። ትልልቆቹ ድርጅቶች ምርመራው በእነሱ ደረጃ፣ በእነሱ ቤተ ሙከራ እንደገና ካልተሠራ አንቀበልም አሉ። ዓመታት በዚህ አለፉ። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱ ተመራማሪዎች አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ደግሞ የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የውሃ ቧንቧ የሚደፍን የዛጎል ዝርያን እንደሚገድል አይቶ ፓተንት አወጣበት። የእናቶቻችን ሳሙና ባሕር ማዶ ባለቤት አገኘ። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1997 አረፉ።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ እዚህ ድሬዳዋ የማውቀው አንድ ጎበዝ ልጅ ነው። በሰው ዘረመል፣ ማለትም በጄኔቲክስ፣ ዶክትሬቱን ሊሠራ ወደ ውጭ ሊሄድ ነው። ምን ልታጠና ነው ስለው አማካሪዬ የሚሰጠኝን አለኝ። አቦ፣ ይቺ መልስ እንቅልፍ ነሳችኝ።

ጥያቄ ጠፍቶ ነው እንዴ? ዳፊ የሚባለው ምልክት በቀይ የደም ሴላቸው ላይ የሌለ ሰዎችን ቫይቫክስ ወባ አይዛቸውም ተብሎ ለብዙ ጊዜ ይታመን ነበር። እኛው አገር ግን እንዲህ ያሉ ሰዎች ታመው ተገኝተዋል። ድሬ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2013 በደንጊ፣ በ2019 በቺኩንጉንያ ተመትታለች። በ2022 ደግሞ ስቴፈንሲ የተባለች የከተማ ትንኝ የወባ ወረርሽኝ አመጣችብን። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ትንኝ ተነድፎ አንዱ አልጋ ላይ ሲወድቅ ሌላው ለምን ቆሞ ይሄዳል? መልሱ ከፊሉ በደማችን ውስጥ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ያን ለማንበብ የሚሄድ ልጅ ጥያቄውን ከገንደ ቆሬና ከከዚራ ይዞ ቢሄድ ምን ይለዋል?

ልጁ ይሂድ፣ ይማር። ማሽኑም ዕውቀቱም በብዛት ያለው እዚያ ነው። ነገር ግን ደማችን በብልቃጥ ተጭኖ ሄዶ ውጤቱ የሌላ ሰው ንብረት ሆኖ እንዳይቀር ውሉ ከወዲሁ ይጻፍ። ናሙናው የማን ነው? መረጃው የት ይቀመጣል? ግኝቱ ላይ የማን ስም ይሰፍራል? ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ሲመለስ የሚሠራበት ቤተ ሙከራ ያዘጋጁለት። አክሊሉ ለማ ተመልሰው የሚሠሩበትን ቤት ራሳቸው መገንባት ነበረባቸው። ከስድሳ ዓመት በኋላ የሚመጣውም ከዜሮ ይጀምር ማለት ግፍ ነው።