ሙሉ ስሟን ያልጻፈችባቸው ደብዳቤዎች

ሎሬይን ሃንስበሪ ስትባል መቼም ቶሎ የሚነሳው ቲያትሯ ነው። እኔ ግን ለዚህ መጽሔት የመረጥኳት በጋዜጠኝነቷ፣ ይበልጡን ደግሞ ሙሉ ስሟን ሳታሰፍር በላከቻቸው ሁለት ደብዳቤዎች ምክንያት ነው።

ሎሬይን እ.ኤ.አ. በ1930 ቺካጎ ተወለደች። በ1937 አባቷ ነጮች ብቻ በሚኖሩበት ሰፈር ቤት ገዝተው ሲገቡ ሰፈርተኛው ተሰብስቦ መጣባቸው፤ በመስኮት የተወረወረ ጡብ ሕፃኗን ለጥቂት ሳታት። አባቷ ግን ክርክሩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አድርሰው በ1940 ረቱ። ለእኛ የሚቀርቡን ደግሞ አጎቷ ናቸው። ዊልያም ሊዮ ሃንስበሪ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካን ታሪክ ያስተማሩ፣ በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት የተቀበሉ ምሁር ነበሩ።

ኒው ዮርክ ከመጣች በኋላ፣ በ1951፣ ፖል ሮብሰን በሃርለም ባቋቋመው «ፍሪደም» ጋዜጣ ተቀጠረች። በጽሕፈት ሥራ ጀምራ ዘጋቢና ረዳት አዘጋጅ እስከመሆን ደረሰች። በ1953 ሮበርት ኔሚሮፍን አገባች።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሎሬይን የምታፈቅረው ሴቶችን ነበር። በዚያ ዘመን አሜሪካ ይህ ከታወቀ ሥራ ያሳጣል፤ ከ1953 ጀምሮ ከፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት ያስባርር ነበር። ፖሊስም መዝናኛ ቤቶቻቸውን እየወረረ ያስራቸዋል። በ1955 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ጥቂት ሴቶች «የቢሊቲስ ሴት ልጆች» የሚባል ማኅበር መሠረቱ፤ በዓመቱም «ዘ ላደር» የተባለ መጽሔት ማሳተም ጀመሩ። በ1957 ሎሬይን ለዚህ መጽሔት ጻፈች፤ ከስሟ ግን የመጀመሪያ ፊደላቱን ብቻ አስቀመጠች። የጻፈችው ስለ ራሷ ብሶት ብቻ አልነበረም። በሌዝቢያኖች ላይ የሚደርሰው ጥላቻ ሴትን ሁሉ ዝቅ አድርጎ ከማየት ጋር የተያያዘ መሆኑን፣ ብዙዎቹም በኑሮ ግዴታ እንደሚያገቡ ተከራከረች። በዚያው ዓመት ከባሏ ጋር ተለያዩ፤ ሆኖም ወዳጅነታቸውና የሥራ አጋርነታቸው አልተቋረጠም።

በመጋቢት 1959 «ዘቢብ በፀሐይ» የተሰኘው ቲያትሯ ብሮድዌይ ላይ ተከፈተ። የጥቁር ሴት ድርሰት እዚያ መድረክ ላይ ሲቀርብ የመጀመሪያው ነበር። 530 ጊዜ ታየ፤ የኒው ዮርክ ቲያትር ተቺዎችንም ሽልማት አገኘች። በቲያትሩ ውስጥ ዋልተር ሊ ሞቅ ብሎት ሲጨፍር የኢትዮጵያን ስም ይጠራል፤ የአጎቷ ትምህርት ጠብ አላለም ያሰኛል። ግን ዝናው በመጣ ቁጥር ያቺ የደብዳቤዎቹ ሴት ይበልጥ መደበቅ ነበረባት፤ ኤፍ.ቢ.አይ.ም በፖለቲካ አቋሟ ምክንያት ይከታተላት ነበር።

ጥር 12 ቀን 1965 በቆሽት ካንሰር ሞተች፤ ዕድሜዋ 34 ነበር። ኔሚሮፍ ጽሑፎቿን በትጋት አሳተመ። ሴቶችን ስለ ማፍቀሯ የሚናገሩትን ግን ለተመራማሪዎች እንዳይታዩ ዘጋባቸው። እሱ ከሞተ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2013 ብሩክሊን ሙዚየም በደብዳቤዎቿ ላይ ኤግዚቢሽን አቀረበ፤ የተዘጋውም ሰነድ ተከፈተ።

ታዲያ አንድ ጋዜጠኛ የሟችን ምስጢር ማውጣት አለበት ወይ? ቀላል ጥያቄ አይደለም። ዛሬም ቢሆን ስሙ ከወጣ የሚጎዳ ሰው አለና፣ በሕይወት ያለን ሰው ያለ ፈቃዱ ማጋለጥ ነውር ነው እላለሁ። የሎሬይን ግን ይለያል። ደብዳቤዎቹን ለኅትመት የላከችው ራሷ ናት፤ ሌሎቹንም ወረቀቶች ሳታቃጥል አስቀምጣቸዋለች። ከእሷ በኋላ የመጡ ሴቶች ከእኛ በፊት ማን ነበር ብለው ሲፈልጉ ወደ ሃምሳ ዓመት ያህል ያገኙት ግማሿን ሎሬይን ነው። ግማሽ ሕይወት የጻፈ ጋዜጠኛ ደግሞ ሙሉ ዘገባ ሠራሁ ሊል አይችልም።