የወሎው ንጉሥ ሚካኤል እና የስማቸው ቁልፍ

የወሎውን ንጉሥ ሚካኤልን ታሪክ ለመመርመር የሚነሣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ነገር የስማቸው ጉዳይ ነው። ሰውየው አንድ ናቸው፤ ስማቸው ግን አንድ አይደለም። መሐመድ ዓሊ ተብለው አደጉ፤ ራስ ሚካኤል ተብለው ተሾሙ፤ በፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ ተባሉ፤ በመጨረሻም ንጉሥ ሚካኤል ተብለው ዘውድ ጫኑ። ይህ ነገር ለታሪክ ጸሐፊ ብቻ ሳይሆን፥ የጥንት ሰዎችን ስም በኮምፒዩተር ለሚመዘግብም ሁሉ ፈተና ስለ ሆነ፥ የሕይወታቸውን ታሪክ ከዚሁ ጋራ አያይዤ በአጭሩ አቀርባለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

በፕሮግራም ጸሐፊዎች ዘንድ ሃሽ ማፕ የሚባል የመዝገብ ዓይነት አለ። ብዙ መሳቢያ እንዳለው ቁም ሣጥን ይቈጠራል። ለሚቀመጠው ነገር ሁሉ ቁልፍ ይሰጠዋል፤ ቁልፉ ለምሳሌ የሰው ስም ሊሆን ይችላል። ኮምፒዩተሩ ከቁልፉ ፊደሎች አንድ ቍጥር ያሰላል፤ ቍጥሩም የትኛው መሳቢያ እንደሚከፈት ያመለክታል። መሳቢያው ከተከፈተ በኋላ አዲሱ ቁልፍ ከነበሩት ጋራ ይነጻጸራል። እኩል ሆኖ ከተገኘ አዲሱ ጽሑፍ የቀድሞውን ይተካል፤ እኩል ካልሆነ ግን ከጎኑ ይቀመጣል። ስለዚህ ሁለት ሕጎች ሊጠበቁ ይገባል። አንደኛው፥ እኩል የሚባሉ ቁልፎች ሁልጊዜ ወደ አንድ መሳቢያ መምራት አለባቸው። ሁለተኛው፥ ቁልፉ ከተቀመጠ በኋላ መለወጥ የለበትም፤ ከተለወጠ ዕቃው በድሮው መሳቢያ ሲቀር ፈላጊው ሌላ መሳቢያ ይከፍታልና። የንጉሥ ሚካኤል ሕይወት ሁለቱንም ሕግ የሚፈትን ነው።

የተወለዱት በ1840ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ነው። አባታቸው ኢማም ዓሊ አባ ቡላ ከወረ ሂማኖ ገዢዎች ቤት ነበሩ። ወረ ሂማኖ ማለት ተንታንና መቅደላን የያዘው ደጋ ነው፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲሄዱ አገሩ ሣይንትንና መካነ ሰላም ያለችበትን ቦረናን አልፎ እስከ ዓባይ ገደል ይወርዳል። ልጅነታቸው ያለፈው ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላን ምሽጋቸው ባደረጉበት ዘመን ነበር። ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ከሞቱ በኋላ የወሎን አገዛዝ ለመያዝ ከሚፎካከሩት መካከል ወጣቱ መሐመድ ዓሊና አባ ዋጠው ዋነኞቹ ሆኑ።

በ1870 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ሹመት የያዙ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ፥ አለዚያ ሹመታቸውን እንዲለቁ ታዘዘ። መሐመድ ዓሊ ተጠመቁ፤ የክርስትና አባታቸው ራሳቸው ዐፄ ዮሐንስ ሲሆኑ፥ ስማቸው ሚካኤል ተባለ፥ የራስነት ማዕርግም ተሰጣቸው። አባ ዋጠውም ምኒልክ የክርስትና አባት ሆነውላቸው ኃይለ ማርያም ተባሉ። በዚያ ጊዜ ራስ ሚካኤል ዕድሜያቸው ሃያ ስምንት ገደማ ነበር። ቁልፉ በሰው ሕይወት መካከል ተለወጠ ማለት ነው። እንግዲህ ሚካኤል በሚል ቁልፍ ብቻ የሚፈልግ ሰው የእኒህን መስፍን የወጣትነት ዘመን በሙሉ ያጣዋል፤ መሐመድ ዓሊ በሚል ቁልፍ ብቻ የሚፈልግ ደግሞ በ1870 ከዓለም የተሰወረ የወሎ ባላባት ያገኛል። መዝገቡ አንዱን ሰው ሁለት ግማሽ ሰው አድርጎታል።

ከዮሐንስ ሞት በኋላ ራስ ሚካኤል ከዐፄ ምኒልክ ጋራ ሆኑ፤ የንጉሠ ነገሥቱንም ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አገቡ። ደሴን ዋና ከተማቸው አድርገው አስፋፏት። የካቲት 23 ቀን 1888 በዐድዋ የወሎን ፈረሰኛ ይዘው ተዋጉ። ከሸዋረጋ የወለዱት ልጅ ኢያሱ የምኒልክ አልጋ ወራሽ ሆነ። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ካረፉ በኋላ፥ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር፥ ራስ ሚካኤል በደሴ የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

እዚህ ላይ ሌላ ችግር ይመጣል፤ ይኸውም የፊተኛው ተቃራኒ ነው። ራስ ሚካኤል የሚለው ስም የእሳቸው ብቻ አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብለው የትግሬው ራስ ሚካኤል ስሑል በጎንደር ነገሥታትን ሲያነግሡና ሲሽሩ ኖረዋል። ኢያሱም ቢሆን በጎንደር ዘመን ሁለት ነገሥታት የተጠሩበት ስም ነው። አገሩ ራሱ ከዚህ አላመለጠም፤ መካነ ሰላም ያለችበት ቦረና አንድ ነው፥ በደቡብ በያቤሎ በኩል ያለው ቦረና ሌላ ነው። ራስ ሚካኤል የሚለውን ብቻ ቁልፍ ያደረገ መዝገብ የወሎውን ሲጽፍ የትግሬውን ይደመስሳል። ከሁሉ የሚከፋው ኮምፒዩተሩ አለማጕረምረሙ ነው፤ እኩል ቁልፍ ስላየ ሥራውን በትክክል ፈጸመ። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ቢመዘገብ ኋላ ማስረጃ ሲገኝ ሊያዋሕዱት ይቻላል፤ ሁለት ሰው አንድ ከተደረገ ግን የፊተኛው ጽሑፍ ጠፍቷልና የሚመለስበት መንገድ የለም።

የፊደላችንም ነገር አለ። መሐመድና መሀመድ፥ ኃይለ ማርያምና ሀይለ ማርያም፥ ዓሊና አሊ ለጆሮ አንድ ናቸው። ለኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቍጥር ስላለው የተለያዩ ቁልፎች ናቸው፤ ወደ ተለያየ መሳቢያም ሊሄዱ ይችላሉ። ስለዚህ ቍጥሩ ከመሰላቱ በፊት ሀ፥ ሐ፥ ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ወደ አንድ ማምጣት ያስፈልጋል። ይህ ግን ለፍለጋ ብቻ ነው፤ በሰነዱ ያለው አጻጻፍ እንዳለ ተጠብቆ መቀመጥ አለበት።

ስም የመሳቢያ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የንጉሡ ፍጻሜ ያሳያል። መስከረም 17 ቀን 1909 መኳንንቱ ልጅ ኢያሱን ወደ እስልምና አዘንብሏል በሚል ክስ ከሥልጣን ሻሩት። ንጉሥ ሚካኤል ከተጠመቁ ወደ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ተቃርቦ ነበር፤ ሆኖም የልጃቸው ጠላቶች የአባቱን ቤት የጥንት ስም አልረሱም። ንጉሡ ለልጃቸው ጦራቸውን አስከትተው ወደ ሸዋ ወረዱ፤ በቶራ መስክ ድል አደረጉ፤ ከወሩ በኋላ ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ተሸንፈው ተማረኩ። በ1910 መጨረሻ፥ በጳጕሜን፥ በእስር ላይ እንዳሉ ሞቱ።

እንግዲህ እኩልነትን ኮምፒዩተሩ አያውቀውም፤ የሚወስነው መዝገቡን የሚያዘጋጀው ሰው ነው። ለሰው ሁሉ የማይለወጥ ቍጥር አንድ ጊዜ ተሰጥቶት ቁልፉ እርሱ ይሁን፤ የተወለደበት፥ የተጠመቀበትና የፈረስ ስሙ ከነዘመናቸው በሥሩ ይዘርዘሩ። ሁለት ጽሑፍ አንድ ሰው ነው ለማለት አባት፥ ማዕርግ፥ አገርና ዓመት ይመስክሩ። ይህን ያላደረገ ሰው መሐመድ ዓሊን ወይም ሚካኤልን ይመዘግብ ይሆናል፤ የወሎውን ሰው ግን አልመዘገበም።