አዋሽን እስከ ማለቂያው የተከተለው ቦክሰኛ

ላፍቶ ለሚኖር የኳስ አፍቃሪ ለቡ ባቡር ጣቢያ ሩቅ አይደለም። ባቡሩ አዳማንና መተሐራን አልፎ አዋሽ ይደርሳል። ለመንገዱ አንድ ቦርሳ፣ አንድ ጠርሙስ ውሃና ቻርጅ የተደረገ ስልክ ከተያዘ በቃ፣ ዝግጅቱ አለቀ።

የዛሬው ባለታሪካችን ወደዚያው አዋሽ የተጓዘው ከ90 ዓመት በላይ በፊት ነው። ያኔ የሚነሱት ከለገሃር ነበር፤ አዋሽ ጣቢያ ሲወርዱ ደግሞ ዋናው ጉዞ ገና መጀመሩ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግመል፣ በረሃና አውሬ ነው። የሰውየው ስም ዊልፍሬድ ቴሲጀር ይባላል። ዓለም የሚያውቀው በአሳሽነቱና በመጻሕፍቱ ነው። ታዲያ ስፖርት ገጽ ላይ ምን ይሠራል ለሚል አንባቢ ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛ፣ ቴሲጀር የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የቦክስ ቡድን አምበል ነበር። ሁለተኛ ደግሞ ሰውየው የአዲስ አበባ ልጅ ነው።

የተወለደው ግንቦት 26 ቀን 1902 ዓ.ም. በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ፣ የሣር ክዳን ባለው የጭቃ ቤት ውስጥ ነው። አባቱ በኢትዮጵያ የእንግሊዝ ሚኒስትር ነበሩ። በ1909 ዓ.ም. አገሩ በሰገሌ ጦርነት ሲታመስ የራስ ተፈሪ ሕፃን ልጅ አስፋ ወሰን የተጠለሉት እዚያው ሌጋሲዮን ግቢ ነበር። ከድሉ በኋላ ሠራዊቱ ጃን ሜዳ ላይ ሲሰለፍ የስድስት ዓመቱ ቴሲጀር ቆሞ አየ። እኛ አገር አቋራጭ ውድድር የምናይበት ሜዳ ለእሱ የጦረኛ ሰልፍ ያየበት ነው፤ ያ ትዕይንት እስከ ዕድሜው ማብቂያ ከልቡ አልወጣም።

ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ1919 ወደ እንግሊዝ ተመለሰ፣ በዓመቱም አባቱ ሞቱ። ልጁ ግን አዲስ አበባን አልረሳም፤ ራስ ተፈሪም ቤተሰቡን አልረሱም። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ፣ በዩኒቨርሲቲ ይማር ለነበረው ለ20 ዓመቱ ወጣት የግል መጥሪያ ላኩለት። ያ ዓመት፣ የኳስ ሰው ይረሳዋል ብዬ አላስብም፣ ኡራጓይ ላይ የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ የተካሄደበት ነው። ቴሲጀር ግን ልቡ ያለው አደን ላይ ነበር፤ ከእንግሊዝ ሲነሣ ጠመንጃውን ከሻንጣው ጋር ይዞ መጥቷል።

ከበዓሉ በኋላ ለአንድ ወር ወደ አዋሽ በረሃ ወረደ። ጉዞውን ያደራጁለት አገሩን አሳምረው የሚያውቁት እንግሊዛዊው ዳንኤል ሳንድፎርድ ናቸው። እንግዲህ የጭነቱ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ትጥቅ የሚለውን ቃል እኛ ለመለያ፣ ለገምባሌና ለታኬታ እንጠቀምበታለን። በዚያ ዘመን ለአደን ለሚወጣ ሰው ትጥቅ ማለት የአንድ ወር ሕይወት ነው። ከአዋሽ ጣቢያ ርቆ ከወጣ ሱቅ የለም፤ የረሳውን ማንም አያመጣለትም። (የላፍቶው የሰፈር ቡድናችን አንድ ጊዜ ለወዳጅነት ጨዋታ ወደ መተሐራ ሲወርድ አንዱ በሌላው ተማምነን የኳስ መንፊያ ሳንይዝ ሄደናል። እኛ ግን ከባለ ጎማ ቤት አስነፋን፣ ተጫወትን፣ ተሸነፍን፣ ተመለስን።)

መጀመሪያ የሚታሰበው ጠመንጃ ይመስላል፤ ጠመንጃ ግን ከጭነቱ ቀላሉ ነው። ጥይቱም ቢሆን ሁለት መቶው ተደምሮ አምስት ኪሎ ገደማ ነው። ግን ዓይነቱ ይለያያል። ለአጋዘንና ለድኩላ የሚሆነው ጫፉ ለስላሳ ጥይት ሥጋ ውስጥ ገብቶ ይሰፋል፣ የጎሽ ወይም የዝሆን አጥንት ላይ ግን አይሠራም። ለእነሱ ሳይሰበር ዘልቆ የሚገባ ጠንካራ ጥይት ያስፈልጋል። ሁለቱን አደባልቆ ኪሱ የከተተ ሰው ጎሽ ፊት ቆሞ ነው የሚለያቸው። ከዚህ ሌላ ለድስት የሚሆን ጅግራ መምቻ አነስተኛ ጠመንጃ ይታከላል፤ የጉዞው ራት ብዙውን ጊዜ በእሱ ነው የሚገኘው።

ከዚያ ጨው። አዲስ አዳኝ የሚረሳው ጨው ነው። የተገፈፈ ቆዳ በቆላ ሙቀት ሥጋው በደንብ ተፍቆ፣ በጨው ታሽቶ፣ ጥላ ላይ ካልደረቀ ጠጉሩ ይረግፋል። ቀድመው የሚበላሹት ጆሮው፣ ከንፈሩና የዓይኑ ዙሪያ ናቸው። ለሙዚየም የታሰበ ቆዳ በዚህ ምክንያት ወድቆ ቀረ ማለት እንስሳው በከንቱ ሞተ ማለት ነው። ስለዚህ ወደ አደን ሲኬድ የሚጫነው ጨው ለወጥ ከሚሆነው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ሌላው ከባድ ነገር ገንዘብ ነው። ብታምኑም ባታምኑም። በረሃ ላይ የሚታመነው ማርትሬዛ ብር ሲሆን አንዱ 28 ግራም ይመዝናል። አንድ ሺህ ብር ማለት እንግዲህ 28 ኪሎ ነው! አንድ ግመል በረጅም ጉዞ የሚሸከመው 150 ኪሎ ገደማ ሆኖ ሳለ ከዚያ ላይ ድንኳን፣ አጎበር፣ ኪኒን፣ ዱቄት፣ ሩዝ፣ ቡናና ስኳር አለ፤ የውሃ ስልቻ አለ። የግራና የቀኙ ጭነት እኩል ካልሆነ ኮርቻው የግመሉን ጀርባ ይልጠዋል። ጀርባው የተላጠ ግመል ደግሞ የተጎዳ አጥቂ ማለት ነው፤ ተቀያሪ ከሌለህ ጨዋታው አለቀ።

ቴሲጀር ይህን የተማረው በ1930ው ጉዞ ቢሆንም የተፈተነበት በ1933 ነው። ያኔ የመጣው የአዋሽን ምስጢር ለመፍታት ነው። ወንዙ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ የት ገብቶ እንደሚቀር አውሮፓውያን በውል አያውቁም ነበር። አብሮት የመጣው ዴቪድ ሄግ ቶማስ ደግሞ ቀላል ስፖርተኛ አልነበረም፤ በ1932ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ በስምንት ሰው ጀልባ ቀዘፋ ለእንግሊዝ ተወዳድሮ አራተኛ የወጣ ነው። ቦክሰኛውና ቀዛፊው መጀመሪያ አርሲ ተራሮች ላይ በበቅሎ ወጡ፣ በአገራችን ብቻ የሚገኘውን የደጋ አጋዘንም ፈለጉ። ከዚያ ወደ አዋሽ ወረዱ። ኦሊምፒያኑ ግን ታመመና ተመለሰ። ቴሲጀር ብቻውን ቀረ፤ ብቻውን ስንል ኡመር ከሚባለው ሶማሌ አለቃና ከ40 ያህል ሰዎች ጋር።

ከትንሽ ጉዞ በኋላ መንግሥት መልሶ ጠራው። መንገዱ አደገኛ ነው፣ አንድ ነገር ቢሆን ተጠያቂው መንግሥት ነው። አዲስ አበባ ተመልሶ ለሳምንታት ደጅ ጠና፤ ለሚደርስበት ሁሉ ኃላፊነቱ የራሱ እንደሆነ ጽፎ ፈረመ፤ በ1934 መጀመሪያ ፈቃድ አግኝቶ ተመለሰ። ከጭነቱ ሁሉ ቀላሏ ያቺ ወረቀት ነበረች፤ ያለ እሷ ግን ጨውም ጥይትም ዋጋ አልነበራቸውም።

አውሳ የገባውም በጠመንጃ ኃይል አይደለም። በጠመንጃ ብዛት ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1875 በሙንዚንገር ፓሻ የተመራው የግብፅ ጦር እዚያው አውሳ ላይ ባልተደመሰሰ ነበር። ሱልጣን መሐመድ ያዮ ወጣቱን በሌሊት፣ በጨረቃ ብርሃን፣ ጫካ መካከል ባለ ገላጣ ቦታ ላይ ተቀበሉት። አነጋገሩት፣ መዘኑት፣ እንዲያልፍ ፈቀዱለት። ወንዙን ተከትሎ አቤ ሐይቅ ላይ ሲደርስ አዋሽ የሚያልቀው እዚያ እንደሆነ አረጋገጠ።

የከፋው ከዚያ በኋላ ነው። ወደ ታጁራ የሚወስደው መንገድ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ብቻ ነው፤ ሣር የለም። ከ18 ግመሎቹ 14ቱ በረሃብ አለቁ። ግመል ሲሞት ጭነቱ አብሮት አይሞትም፤ ለቀሩት ይደረባል፣ እነሱም በተራቸው ይወድቃሉ። ግንቦት 1934 ታጁራ ሲደርስ ከጀርባው የአንድ ጉዞ ድልና የ14 ግመሎች አጥንት ነበር። ዕድሜው ገና 24 አልሞላም። በዚያው ወር መጨረሻ ጣሊያን ሁለተኛውን የዓለም ዋንጫ ጀመረች፤ በዓመቱ ደግሞ እኛ ላይ ዘመተች።

በኋላ ሱዳን ውስጥ በመንግሥት ሥራ ላይ ሳለ 70 አንበሳ ገድሏል። ቁጥሩን እንደ ጎል ለሚቆጥር ሰው ሪከርድ ይመስል ይሆናል፤ ለእኔ ግን አያስጨበጭብም። ደግነቱ እሱም እዚያው አልቀረም፤ በስተርጅናው ኬንያ ውስጥ የክብር የዱር እንስሳት ጠባቂ ሆኖ አገልግሏል። በ1941 ከጌዴዎን ጦር ጋር ጎጃም ገብቶ ጣሊያንን ተዋግቷል፤ አጊባር ላይ ለፈጸመው ጀብዱም ኒሻን ተሸልሟል።

የሚገርመው የጭነቱ ነገር ነው። ከ1946 በኋላ ሩብ አል ኻሊ የሚባለውን የዓረብ በረሃ ሲያቋርጥ ድንኳን የለ፣ አልጋ የለ። ዱቄት፣ ተምር፣ የፍየል ቆዳ ውሃ መያዣ፣ ጠመንጃ፣ ካሜራ። መኪና ሊገዛ ይችል ነበር፣ አልፈለገም። አብረውት ከሚጓዙት ዘላኖች የበለጠ አልበላም፣ አልጠጣም። በ1960ም አገራችን ተመልሶ ላሊበላን ያየው በበቅሎ ተጉዞ ነው።

ነሐሴ 18 ቀን 1995 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር በ93 ዓመቱ ሞተ። ካሜራው፣ ያ ላይካ፣ የተገዛው ከአዋሹ ጉዞ መልስ በ1934 ነው፤ አዋሽ ላይ የያዘው የአባቱን አሮጌ ኮዳክ ነበር። 38,000 የሚሆኑት የፎቶ ፊልሞቹ ዛሬ ኦክስፎርድ በሚገኘው ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ተቀምጠዋል።